የባለቤቴን ፒንሳ በካቢኔ ቆልፈው ላቆዩልን ሊቀመንበር

ለክቡር አቶ ደጉ
የቀበሌያችን ሊቀመንበር
ወላይታ ሶዶ፣ ግንቦት 2004 ዓ.ም.

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ቤተሰብዎና የቢሮዎ ካቢኔ እንደምን ሰንብታችኋል? እኔ፣ በገበያው ዳር የሚስማርና የቆርቆሮ ሱቅ ያለኝ የትምወርቅ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ደህና ነኝ የምለው ሰው ሲጠይቀኝ ሌላ የምመልሰው ስለማጣ ነው። ይህን ደብዳቤ በሱቄ በር ላይ የለጠፍኩት ክብርዎን ለመድፈር አስቤ ሳይሆን፣ ቢሮዎ በመጣሁ ቁጥር ስብሰባ ሄደዋል ስለምባል፣ ወደ ስብሰባ ሲያልፉ ቆም ብለው እንዲያነቡት ነው። ምስጋናዬ ብዙ ስለሆነ በቁጥር ከፋፍዬዋለሁ።

አንደኛ፤ ለባለቤቴ ፒንሳ ስላደረጉት ጥበቃ አመሰግናለሁ። ፒንሳው እንዴት እንደተመረጠ ግን ስለማያውቁ ልንገርዎ። ባለቤቴ ኤርካሎ በገበያው በረንዳ ላይ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ በሚኒባስ ወደ ዲምቱ ወርዶ ከብላቴ ወንዝ ዓሣ ያጠምዳል። ገና ሳንጋባ ወደ ሱቃችን ያመጣው የፒንሳ ፍለጋ ነው። ያቀረብኩለትን የኤሌክትሪክ ሠራተኞች ፒንሳ አገላብጦ አየና «አፉ ወፍራም ነው፤ አምባዛ የሚባለው ዓሣ መንጠቆውን እስከ ጉሮሮው ይውጠዋል፤ ይሄ እዚያ አይደርስም» ብሎ መለሰልኝ። ሁለተኛውን ፒንሳ እጁን ውሃ ነክሮ ያዘው፤ አዳለጠው። ሦስተኛው ሲጨብጡት ይዘጋል እንጂ ሲለቁት በራሱ አይከፈትም፤ «በአንድ እጄ ዓሣውን ይዤ በምኔ ልክፈተው?» አለኝ። በሳምንቱ መጣ፤ በሌላው ሳምንትም መጣ። እናቴ አሳየሽ ከመደርደሪያው ጀርባ ሆና ስታየው ቆየችና «ልጄ፣ ይህ ሰውዬ የሚመርጠው ፒንሳ አይመስለኝም» አለችኝ። በመጨረሻ ረጅምና ቀጭን አፍ ያለው፣ ስፕሪንጉ የሚከፍተው፣ እጀታው ጎማ የለበሰ፣ ከማጠፊያው አጠገብ ክር የሚቆረጥበት ትንሽ ስለት ያለው ከአዲስ አበባ አስመጣሁለት። እሱን ገዛ፤ እኔንም አገባኝ።

ሁለተኛ፤ በሰፈራችን የስልክ ሽቦ እየተቆረጠ መሰረቁን ተከትሎ ስለወሰዱት ፈጣን እርምጃ አመሰግናለሁ። ሚሊሻው ሻንቆ ኤርካሎን ከብላቴ ሲመለስ መናኸሪያው በር ላይ አስቁሞ ቦርሳውን ፈተሸው፤ ጥቂት የቆሮሶ ዓሣ፣ አንድ ጥቅል ናይለን ክርና ያንን ፒንሳ አግኝቶ እርስዎ ፊት አቀረበው። እርስዎም፣ ዓሣው በጠረጴዛዎ ላይ እየሸተተ፣ «ይህ ዕቃ ሽቦ ይቆርጣል ወይስ አይቆርጥም?» ብለው ጠየቁት። ኤርካሎ መዋሸት የማያውቅ ሰው ስለነበር «ቀጭን ሽቦ ይቆርጣል ጌታዬ፤ እኔ የምቆርጥበት ግን ክር ነው» አለ። «በቃ፣ አምነሃል» አሉት። ፒንሳው ካቢኔ ገባ። በማግስቱ ደግሞ በሱቄ ያሉትን ፒንሳዎች በሙሉ በካርቶን አሽገው ምርመራው እስኪያልቅ እንዳይሸጡ አዘዙ፤ ኤርካሎንም «ሌላ ፒንሳ ይዘህ ብትገኝ ሌባው አንተ ነህ ማለት ነው» ብለው መከሩት። የዓሣ ጓደኛው አሮን «ከአረካ ገዝቼ ላምጣልህ» ቢለው «አትያዝ የተባልኩትን አልይዝም» ብሎ እምቢ አለ። እንዲህ ያለ ታዛዥ ዜጋ በማፍራትዎ ሊመሰገኑ ይገባል።

ሦስተኛ፤ ፒንሳው በካቢኔዎ ተቆልፎ ሳለ ሽቦው እንደገና ተቆረጠ። እኛ፣ የማናውቀው፣ ይህ የፒንሳውን ንጽሕና ያሳያል ብለን ደስ ብሎን ብንመጣ፣ ግብረ አበር እንዳለው ያሳያል አሉን። አስተሳሰብዎ ከእኛ በብዙ ይልቃል።

አራተኛው ምስጋና አይደለም፤ ቁጥሩ እንዳይዘለል ብዬ ነው። ኤርካሎ ቅዳሜውን መተው አልቻለም። ሳምንቱን ሙሉ በሰው ልብስ ላይ አጎንብሶ የሚውል ሰው አንድ ቀን ቀና ብሎ ወንዝ ማየት ይፈልጋል። ስለዚህ ያለ ፒንሳ ሄደ። የሆነውን አሮን ነው የነገረኝ። አምባዛ ያዘ፤ መንጠቆው ጉሮሮው ውስጥ ነበር። ጣቱን ሰደደ፤ ዓሣው ተወራጨ፤ መንጠቆው ከአውራ ጣቱ ሥር ገብቶ ተሰካ። መንጠቆ ለመግባት እንጂ ለመውጣት አልተሠራም፤ አሮን እጁን ይዞለት ሲጎትተው ሥጋውን ይዞ ወጣ። ቁስሉን በወንዙ ድፍርስ ውሃ አጥቦ በመሐረብ አስሮ መጣ። ሐኪም ቤት እንሂድ ስለው ሳቀ። «የትሜ፣ እኔ እኮ ልብስ ሰፊ ነኝ። በቀን ስንት መርፌ ይወጋኛል? ውጋት ፈርቼ ሐኪም ቤት ብሄድ ገበያው ሁሉ ይስቅብኛል» አለኝ። ቁስሉም ደረቀ፤ እኔም ረሳሁት።

ከሳምንት በኋላ ራት ላይ አፉን መክፈት አቃተው። የሚቀልድ መስሎኝ ጉርሻውን እንደያዝኩ ጠበቅኩት። አልቀለደም። ኦቶና ሆስፒታል ወሰድነው። ሐኪሞቹ መንጋጋ ቆልፍ ነው አሉን፤ የሚቻላቸውን ሁሉ አደረጉ፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ድምፅ በሰማ ቁጥር ሰውነቱ እንደ ቀስት ስለሚገተር ክፍሉን አጨልመው ማንም እንዳያናግረው ነገሩን። ስለዚህ ባለቤቴን የተሰናበትኩት ዝም ብዬ ነው። የሞተው ማክሰኞ ነው። የሚቀጥለው ቀን እንደማንኛውም ረቡዕ ነበር፤ ባጃጆቹ እንደ ልማዳቸው ጥሩምባ ይነፉ ነበር፤ ማንም ዝም በሉ አላላቸውም።

አምስተኛ፤ ለቅሶ ስለደረሱኝ አመሰግናለሁ። በድንኳኑ ውስጥ ከፊት ተቀምጠው፣ አሮን አሟሟቱን ለሽማግሌዎች ሲያስረዳ በጥሞና አዳመጡና፣ ራስዎን በሐዘን እየነቀነቁ «አይ ኤርካሎ! ምነው በፒንሳ ቢያወጣው ኖሮ?» አሉ። አሮን ተነሥቶ ወጣ። እኔ «ለጋሽ ደጉ ውሃ ስጧቸው» ማለቴን አስታውሳለሁ። ሰዎች ያን ጊዜ ያልጮህኩት እርስዎን አክብሬ እንደሆነ ያወራሉ፤ አይደለም። የምጮህበትን ቦታ በውስጤ ፈልጌ አጣሁት። እስካሁንም አላገኘሁትም። ሚስማር እመዝናለሁ፣ ቆርቆሮ እቆጥራለሁ፣ ሰው ሲስቅ አብሬ እስቃለሁ፤ የምትስቀው ግን ሌላ ሴት ትመስለኛለች።

ስድስተኛ፤ ለጸሐፊዎ ለትዝታ የምስጋና ወረቀት እንዲጻፍላት እጠይቃለሁ። ለቅሶው ካበቃ በኋላ ፒንሳውን ልወስድ ቢሮዎ መጥቼ ነበር። ከምትጽፈው ነገር ቀና ሳትል «ንብረቱን የሚወስደው ባለንብረቱ ራሱ በአካል ቀርቦ ነው» አለችኝ።

«ባለንብረቱ አርፏል» አልኳት።

«እሺ፣ ዕረፍቱን ሲጨርስ ይምጣ።»

ከጠረጴዛዋ ፊት አልሄድኩም። ጥላዬ ከወረቀቷ ላይ አልነሣ ሲላት ቀና አለች፤ ጥቁር ልብሴን አየች፤ እጇን አፏ ላይ ጭና አለቀሰች። ከዚያ ቢሮ ለኤርካሎ የፈሰሰ እንባ እስካሁን የእሷ ብቻ ነው። ወንበር ስባ አስቀመጠችኝ፤ የካቢኔው ቁልፍ እርስዎ ኪስ ውስጥ ስለሆነ ከዚያ የበለጠ ልታደርግልኝ አልቻለችም።

ክቡር ሆይ፤ ፒንሳውን ለመጠየቅ ስል ይህን ያህል እንዳደከምኩዎ አይቁጠሩብኝ፤ እሱን ትቼዋለሁ። የምጽፈው በሌላ ምክንያት ነው። ትናንት አሮን ጣቱን በጨርቅ ጠቅልሎ በሱቄ ፊት ሲያልፍ አየሁት። «ምንድን ነው?» ብዬ ስጠይቀው «ምንም አይደል፤ መንጠቆ ጫር አድርጎኝ ነው» አለኝ። ሱቁን ዘግቼ፣ እየተከራከረኝ፣ ክንዱን ይዤ ኦቶና ወሰድኩትና የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያ አስወጋሁት። ስመለስ ካርቶንዎን አወረድኩ። ማኅተሙ የቀበሌው ነው፤ ሙጫው ግን ከእኔ ሱቅ የተወሰደ ስለነበር ብዙ አላስቸገረኝም። ከውስጡ ረጅም አፍ ያላቸውን ለይቼ አንዱን ለአሮን ሰጠሁት፤ የቀሩትን በሱቁ መስኮት ላይ ደርድሬያቸዋለሁ። ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ብላቴ የሚወርዱ ሰዎች እየመጡ ነው፤ ለሁሉም እጃቸውን ውሃ ውስጥ አስነክሬ፣ በአንድ እጅ ከፍተው ዘግተው እንዲሞክሩ እያደረግኩ እሸጥላቸዋለሁ። ይህን ማንም አላዘዘኝም፤ ግብረ አበርም የለኝም። ማኅተሙን የቀደድኩት እኔ ነኝ። ሻንቆን ሲልኩት ብዙ እንዳይንከራተት፣ ከጠዋት እስከ ማታ ሱቄ ውስጥ ነኝ።

ጤናና ረጅም ዕድሜ፣ የማያልቅ ስብሰባ፣ የማይጠፋ የካቢኔ ቁልፍ እየተመኘሁልዎ፣ ወላጆችዎ ደጉ ብለው ሲሰይሙዎ የነበራቸውን ተስፋ ከልብ በማክበር፣

የኤርካሎ ባለቤት
የትምወርቅ

ከፊርማዬ በኋላ የመጣ ጉዳይ፤ ይህን ለመለጠፍ ስወጣ በሩ ሥር ከቀበሌው የተላከ ወረቀት አገኘሁ። ኤርካሎ የሰፈራችን የአንድ ለአምስት ቡድን መሪ ሆኖ መመደቡን ይገልጻል። ምደባው መልካም ነው። በቤተ ክርስቲያናችን መቃብር ግራና ቀኙ የተኙት ጎረቤቶቹ ከአምስት አያንሱም፤ አንዳቸውም ከስብሰባ አይቀሩም፣ አያረፍዱም፣ ጥያቄም አያነሡም። የመጀመሪያውን ስብሰባ እርስዎ ራስዎ በአካል ተገኝተው ቢከፍቱላቸው ምንኛ ደስ ባላቸው፤ አጥሩ ሥር ለአንድ ሰው የሚበቃ ቦታ አለ።