ጫጩቶቹን ሳታነቂ አንብቢ

ሶሲዬ፣
ወደ ሥራ እየበረርኩ ነው፤ ጫጩቶቹን አደራ!

ናዝሬት ይሞቃል ብለሽ አምፖሉን እንዳታጠፊባቸው፤ ለነሱ ይሄም ብርድ ነው። ካርቶኑ ውስጥ ያነጠፍኩት...
አዎ፣ ያንቺ ሻርፕ ነው። ማታ እናወራለን።

እንዲላመዱሽ ከፈለግሽ ከላይ አፈፍ አድርገሽ አታንሻቸው፤ ጭልፊት የመጣ ይመስላቸዋል። መሬት ቁጭ በይና መኖውን በመዳፍሽ ይዘሽ ዝም በይ። ዝምታው እንደሚከብድሽ አውቃለሁ።

ዛሬ ጠዋት ቡኒዋ መዳፌ ላይ ወጥታ እንቅልፍ ወሰዳት! መዳፌ ላይ፣ ሶሲ! የሞጆው ሰርቪስ ጥሎኝ ሄደ፤ እኔ እቴ፣ ንቅንቅ አላልኩም!

ስንገዛቸው «ለፋሲካ ይደርሳሉ» ብለሽኛል፤ አልረሳሁም። ብቻ መጀመሪያ አንዷን እጅሽ ላይ አስተኚያት።
ከዚያ ቢላዋውን አንቺው ፈልጊው፤ እኔ ደብቄዋለሁ።

ቢሊሴ