በእናቴ ክፍል ያረፈደ አልነበረም

ኅዳር 4

ለእኔ ለራሴ፣ ለመምህርቷ የበኩር ልጅ፦ ይህን የምጽፍልህ ንዴትህን በሰው ፊት ከምታፈሰው በወረቀት ላይ ብታፈሰው ስለሚሻል ነው። ሌላ አንባቢ የለውም፤ እንዲኖረውም አልፈቅድም።

ጠዋት ካፖርቴን አስተኮስሁ፤ የመነጽሬን እጀታ አስጠገንሁ። ከምሳ በኋላ ርዕሰ መምህሩ ደወለ። የትምህርት ቤቱን አዲስ አዳራሽ በሟች እናቴ ስም ሊሰይሙት ነው። በምረቃው ዕለት ጸሎቱን እንድመራና የሕይወት ታሪኳን እንዳነብ ይፈልጋል።

«ጋሼ፣ ታሪኩ ከአምስት ደቂቃ ባይበልጥ...»

ዕድሜዋን ሙሉ ቆማ ላስተማረች ሴት አምስት ደቂቃ! ለሻይ ዕረፍት እንኳ ከዚህ የተሻለ ጊዜ ይሰጣል። ዋጥ አድርጌ ተቀበልሁ። ሌላ ሰው ስለ እሷ ከሚቀባጥር...

ኅዳር 6

ታሪኩን ጻፍሁ። አበባና ማር የለበትም። እንደነበረች ነው የጻፍኋት።

ክፍሏ በጸሎት ይከፈት ነበር። ደወሉ ሲያበቃ በሩ ይዘጋል፤ ዓይን ሁሉ ይጨፈናል። ጸሎቱን የምመራው እኔ። ልጇ ስለሆንሁ አይደለም፤ መዝሙረ ዳዊትን በቃሉ የያዘ ሌላ ስላልነበረ ነው። ዓይኑን የገለጠ ወዮለት! የእንጨት ማስመሪያዋ መዳፉ ላይ ታርፋለች። ዝናብ በጣለ ቀን ደግሞ «ዛሬ አስረዝመው ልጄ» ትለኝ ነበር። ለዝናብ እንኳ ምስጋና የማትነፍግ ሴት... አሜን ብዬ ዓይኔን ስገልጥ ባዶ ወንበር አይታይም።

ስለዚህ በጉልህ ጻፍሁት፦ «በእናቴ ክፍል ያረፈደ አልነበረም።»

የዛሬ መምህራን ይስሙት። ተማሪው ማስቲካውን እያላመጠ በፈለገው ሰዓት ይገባል፤ መምህሩ ከስልኩ ቀና ሳይል «ግባ» ይለዋል። ይህን ማስተማር ይሉታል?

ኅዳር 9

ታናሽ እህቴ መጣች። ረቂቁን አንብባ ሳቀች። በገዛ እናቷ የሕይወት ታሪክ ላይ!

«ምኑ ነው የሚያስቀው?»

«‹ያረፈደ አልነበረም› የምትለዋን አውጣት፣ ወንድምዓለም። ሰው ይስቅብሃል።»

«አብረሽኝ አልተማርሽም? አሜን ስንል የጎደለ ሰው አይተሻል?»

«አሜን ስንልማ አላየሁም። ግን አንተ ስትጸልይ እኔ ዓይኔን የጨፈንኩ ይመስልሃል?»

«የቅጣት ታሪክሽን አልጠየቅሁሽም» አልኋት። ልትቀጥል ነበር፤ አላስጨረስኋትም።

በምረቃው ቀን በጸሎት ሰዓት የአዳራሹ በር እንደሚዘጋ ነገርኋት። እንደ እናታችን ሥርዓት። መንገዱ ተቆፋፍሯል፣ እንግዶቹ ከሩቅ ነው የሚመጡት አለች። ቀድመው ይነሡ አልኋት።

«አንተማ ከእሷ በልጠህ እሷን ሆንክ» ብላ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች። ሻይዋን አልነካችም።

ኅዳር 10

ከረቂቁ አንዲት ቃል አላወጣሁም። አላወጣም።

ኅዳር 13

ርዕሰ መምህሩ ስለ በሩ ሰምቶ ቤቴ ድረስ መጣ። እህቴ ነገረችው መሰለኝ።

«ጋሼ፣ የትምህርት ኃላፊው ቢያረፍዱስ?»

«ውጭ ይቆማሉ።»

«ኧረ ያስባርሩኛል!»

«እናቴ ብትሆን አንተንም አብራ ታቆምህ ነበር።»

መራራ መድኃኒት እንደዋጠ ሰው «እሺ» አለና ሄደ።

ሁሉም እናቴን ከረሜላ የምታድል አሮጊት ሊያደርጋት ቋምጧል። እኔ ቤቴን ያስተዳደርሁት በእሷ ልክ ነው። ማዕድ ከተነሣ በኋላ ለመጣ ልጅ ሁለተኛ አላቀረብሁም። ልጆቼ በዚህ ተቀይመውኝ ደጄን መርገጥ ትተዋል፤ ይቀየሙ! ከእሷ የተማርሁት ነው። ያቺን ቃል ካወጣሁ... ታዲያ እኔ ከማን ተማርሁት ልል ነው?

ኅዳር 16

ዝናብ። አዳራሹ ግማሹ ባዶ ነበር። ሰዓቱ ሲደርስ በሩን በገዛ እጄ ዘግቼ መድረክ ላይ ወጣሁ። ዓይናችሁን ጨፍኑ አልሁ። እንዳስለመደችኝ ጸሎቱን አስረዘምሁት።

አሜን ብዬ ዓይኔን ስገልጥ አዳራሹ ሞልቷል።

ከበሩ እስከ ወንበሮቹ ወለሉ በእርጥብ ዱካ ተዝጎርጉሯል። የኋለኛው ረድፍ ሰዎች ጫማቸውን በእጃቸው ይዘዋል። የትምህርት ኃላፊው ሳይቀሩ፣ በካልሲያቸው! እህቴ የበሩን እጀታ ይዛ ቆማለች።

«ማነው ይህን ያስተማራችሁ?» ብዬ ጮኽሁ። አሜን ባልሁበት አፍ መጮኼ ነው... አንዳንዱ አፉን በመዳፉ ከድኖ ሳቀ። ያኔ አንዲት ሴት ተነሥታ መለሰችልኝ። መድኃኒት ቤት ያላት፣ ያኔ አብራን የተማረች፣ በቀርፋፋነቷ ቀንድ አውጣ የምንላት።

ከዚያ በኋላ ታሪኩን አላነበብሁም። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትሁና ለእህቴ መድረኩን ለቀቅሁላት። ከአምስት ደቂቃ በላይ ተናገረች፤ ማንም አላቋረጣት። እኔም።

አሁንም ተቆጥቻለሁ። በማን እንደሆነ አላወቅሁም። ከፕሮግራሙ ስመለስ የትልቁ ልጄን ስልክ ቁጥር ከእህቴ ጠየቅሁ። ገና አልደወልሁም።

ሴትዮዋ ጫማዋን በእጇ እንደያዘች የተናገረችው ቃል በቃል ይኸው፦

«እናትህ ናታ! እኛ ከወንዝ ማዶ የምንመጣው መቼ ቀድመን ደርሰን እናውቃለን? አንተ ስትጸልይ በሩን ቀስ አድርጋ ትከፍትልንና ‹ጫማችሁን አውልቁ፣ እሱ አሜን ሳይል ቶሎ ግቡ› ትለን ነበር። ማርፈዳችንን ማንም አይቶ እንዳናፍር እኮ ነው። ቆይ ግን አንተ... ያን ሁሉ ዓመት አንድ ቀን እንኳ ዓይንህን አልገለጥክም?»