ስልሳ ቁጥር የበላቸው ሦስት ቅጠሎች

ለውድ ወንድሜ ለአብዱልጀባር፤ አሰላሙ ዓለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ ተሻለህ? ሰሊማ ደህና ናት? ትንሿ አስያስ ጥርስ አወጣች? የጂዳ ሙቀት ፋታ ሰጣችሁ ወይ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ቦርከና ሞልቶ የጨፋን ሜዳ ውሃ አልብሶታል፤ የእኛ ማሽላ ግን ከፍ ያለው ቦታ ላይ ስለሆነ ተርፏል።

በስልክ ያልነገርኩህ ነገር አለ። እነ ፋጡሜ ቤት ሰው ሁሉ እየሰማ ሳወራ ምላሴ ይተሳሰራል። ሙሐመድዘይን ወደ እናንተ ሊመጣ ነው ሲሉኝ ይህን ጽፌ በእሱ ላክሁ።

ለአባ የላክሃት የእንጨት ማለስለሻ የእጅ ማሽን እኔ ጋ ናት። አባ ዓይኑን ሞራ ስለጋረደው ቅርጹን በመሮ በዳሰሳ ያወጣል፤ ማለስለሱን ለእኔ ሰጠኝ። ለጨፋ ሮቢት መስጊድ የቁርአን ማስቀመጫ ከዋንዛ ሠርቶ ዙሪያውን የሐረግ ቅጠል ፈልፍሎበታል። ለረመዳን መድረስ አለበት። "ከዚህ በኋላ የምችል አይመስለኝም" ብሎ ለእማ ሲነግራት ሰምቻለሁ።

ማሽኗ ጫፍ ላይ በሚሰኩት ጥቅልል ብርጭቆ ወረቀቶች ላይ ስልሳ፣ መቶ ሃያ፣ ሁለት መቶ አርባ የሚል ተጽፏል። ትንሹ ቁጥር ለስላሳው መሰለኝ። ስልሳውን ሰክቼ ገና ከመንካቴ እንጨቱ ጠቆረ፤ ሳነሳው የሦስት ቅጠሎች ጀርባ ሜዳ ሆኗል። በጣቴ ብዳስሰው ኖሮ ሻካራነቱን አውቅ ነበር። እኔ ግን ማንበብ መቻሌን አምኜ ቁጥሩን ብቻ አየሁ።

ሁለት ቀን ያን ጎን ወደ ግድግዳ አዙሬ አስቀመጥኩት። ከአባ ዓይን መድከም ጀርባ እንደተደበቅኩ ሲገባኝ በራሴ አፈርኩ። በሦስተኛው ቀን ከዙሁር ሶላት በኋላ እጁን ይዤ የተበላው ቦታ ላይ አደረግሁት። ከዚያ የማሽኗን ሣጥን አስመጥቶ ዓይኔን አስጨፈነኝና ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አስዳሰሰኝ። "ጉንጭሽ ላይ የማታደርጊውን ቅጠሌ ላይ አታድርጊ" አለኝ።

መሮውንም ሰጠኝ። የተበሉት ቅጠሎች ጎልተው እንዲወጡ በዙሪያቸው ያለውን እንጨት ዝቅ ሳደርግ አጠገቤ ተቀምጦ "ሱታ፣ ሱታ" እያለ ቀስ እንድል ይነግረኝ ነበር። ማለስለሱንም ጥርሱ ያለቀ ሁለት መቶ አርባ ሰክቼ፣ የማሽኗን ፍጥነት ቀንሼ ጨረስኩ፤ ጥቅልሉ የማይገባበትን ስንጥቅ በክብሪት እንጨት ላይ በጠቀለልኩት አሮጌ ወረቀት አሸሁት። ሦስቱ ግን ከአባ ቅጠሎች ቀጥነው ቀሩ።

ትናንት ሼህ ዩሱፍ ማስቀመጫውን ለመስጊዱ ሊወስዱት መጡ። በእጃቸው ሲዳስሱ ሦስቱ ላይ ቆሙና እነዚህ ለምን ቀጠኑ ብለው ጠየቁ። እኔ ከበሩ ኋላ ሆኜ እሰማ ነበር።

"እነዚያ የፋኢዛ ናቸው" አለ አባ። "የሚቀጥለውን ለማሠራት ከፈለጋችሁ እሷን አነጋግሯት።"

ስለዚህ ወንድሜ፣ የምትልከው ካለ ስልሳውን ተወው፤ ለስላሳውን ላክልኝ።

ሰሊማን ሰላም በልልኝ፤ አስያን ጉንጯን ሳምልኝ። እማ ዱዓ ታደርግላችኋለች፤ ትንሹ ኢሳ ኳሴን አይርሳ ይላል፤ አባም አላህ በሰላም ያገናኘን ብሎሃል።

እህትህ ፋኢዛ አደም
ከሚሴ፣ ነሐሴ 20 ቀን 1999 ዓ.ም.