ሃያ ሦስት ኪሎ

ማክሰኞ፣ የካቲት 4
ልጄ ደወለች። ቲኬቱን ቆርጣ ልካለች፤ እሷ ጋ ለሦስት ሳምንት። የእናቷን የስፌት መኪና እንዳልረሳ ደጋግማ ነገረችኝ። ጠረጴዛውን ተወው፣ መኪናውን ብቻ አለች። በልተሃል ወይ አለች። በልቻለሁ አልኩ። ዳቦ በሻይም መብላት አይደል?

ረቡዕ፣ የካቲት 5
የቲኬቱን ወረቀት በመነጽር አነበብኩት። አንድ ሻንጣ፣ ሃያ ሦስት ኪሎ። ካለፈ ይከፈልበታል፤ ክፍያው የወር ጡረታዬን ሊያክል ምንም አልቀረው። መቀስ በእጅ ይዞ መግባት ክልክል ነው። ወይ ጉድ... ይሄን ሁሉ ሕግ ማን ቁጭ ብሎ ጻፈው?

እሑድ፣ የካቲት 9
ስከት ስፈታ ዋልኩ። መኪናውን በባለቤቴ ብርድ ልብስ ጠቀለልኩት። ሻንጣው እቤት ያለው ሚዛን ላይ ብቻውን አልቆም አለ፣ ይንጋደዳል። ተሸክሜው ሚዛኑ ላይ ወጣሁ። ዘጠና አራት። እኔ ሰባ አንድ ነኝ። ሲቀነስ ሃያ ሦስት፣ ልክክ ያለ! ላሳይ ዞር አልኩ። ለማን?

ረቡዕ፣ የካቲት 12
ማንም አልመጣም። ሻንጣውን ዘግቼ ቁጭ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 15፣ አየር ማረፊያ
ጎረቤቴ ባለታክሲው አደረሰኝ፤ እስክገባም ቆሞ ጠበቀኝ። ደግ አደረገ። ሻንጣው ሃያ ዘጠኝ ሆኖ ቁጭ አለ። ሚዛናችሁ ተበላሽቷል ብዬ ተቆጣሁ። መዝጋቢዋ ክፉ አልመለሰችም። ሌላ ሚዛን ላይ አስደገመችኝ፣ ያው ነው። እቤት እንዴት እንደመዘንኩ ስትጠይቀኝ አስረዳኋት።

«አባባ፣ እርስዎ ራስዎን የተመዘኑት መቼ ነው?»

ሐኪም ቤት ነው፣ ባለቤቴን ላስመረምር የሄድን ቀን። ነርሷ ሁለታችንንም መዘነችን፤ ባለቤቴ እንኳን ወፈርክ ብላ ስቃብኝ ነበር። ዓመት ከመንፈቅ ሆነው። ስድስት ኪሎ ከላዬ ሲሄድ አላወቅኩም። ሰው ካላየኝ ማን ይንገረኝ?

ሻንጣውን ሰው ፊት ዘረገፍኩት። ሁለት ጥንድ ጫማ፣ ሱሪዎቼ፣ ሹራቤ ወጡ፤ ባለታክሲው ይዟቸው ተመለሰ። ካፖርቱን በኮቴ ላይ ደረብኩት። የስፌት መኪናውን አልነካሁም።

መሳፈሪያው ጋ ላቤን እየጠረግኩ ልጄ ጋ ደወልኩ። ሳትጠይቀኝ ነገርኳት።

«በልቻለሁ የምልሽ ውሸቴን ነው። ከእናትሽ ወዲህ ብቻዬን እህል አልወርድ አለኝ።»

አፍንጫዋን ስትስብ ሰማኋት። ከዚያ መመለሻውን ላራዝመው ወይ አለች፣ ፈራ ተባ እያለች። ሌላ ጊዜ ቢሆን ቤቱን ማን ይጠብቃል እል ነበር።

«አራዝሚው» አልኳት።