የኔይሰርን ሻማ አንድ ጊዜ ያጥፉልን

ለተከበሩ ዶክተር አሪስታርኮ ሎሳዳ
የወንዝ ዳር የዲጂታል ትረካ ማዕከል ዳይሬክተር
ኪብዶ

የተከበሩ ዶክተር፣

ቅዳሜ ሊነጋጋ ሲል የአናጺው የዶን ክሪስፒን ነፍስ በእጅ ስልክ ተሸኘች። ከስልኩ የወጣው ሙሾ የሚጠራው ስም ኔይሰር የሚል ነበር።

ይህን ካልኩ በኋላ፣ እንደ ወጉ የእርስዎንና የመላ ቤተሰብዎን ጤንነት እጠይቃለሁ። ዝናቡ ከጣሪያዎ፣ ወንዙም ከደጃፍዎ እንደራቀልዎ ተስፋ አደርጋለሁ። የመብራት መቋረጥ እንደማያስቸግርዎ ግን አውቃለሁ፤ ሰፈራችን በጨለመ ቁጥር የማዕከሉ ጄኔሬተር ሲነሳ እንሰማለንና።

«የማያልቅ ሌሊት» የተሰኘው ኤግዚቢሽንዎ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ይራዘም የሚል ሐሳብ ለቦርዱ መቅረቡን ሰምቼ፣ እንኳን ደስ ያለዎት ልል ነው የምጽፈው። ላላዩት የጋዜጣችን አንባቢዎች በአጭሩ ላስረዳ። ሰው ወደ ጨለማው ክፍል ሲገባ፣ በነጭ አንሶላ የተሠራው የለቅሶ ቤት መሠዊያ ከነሟቹ ፎቶ በብርሃን ተስሎ ይታየዋል። እጁን ሲያነሳ ሻማ ይበራል፤ ወደ ፊት በተራመደ ቁጥር የሴቶቹ ሙሾ ይጎላል። የለቅሶው ዘጠኝ ሌሊቶች ተከታትለው ያልፋሉ። በዘጠነኛው ሻማዎቹ አንድ በአንድ ይጠፋሉ፣ አንሶላው ይወርዳል፣ ጎብኚዎቹ ግራና ቀኝ ተሰልፈው መንገድ ይለቃሉ፣ በሩ ይከፈትና የተደበቀ ማራገቢያ በመካከላቸው ነፋስ ይሰዳል። እኛም ሟቾቻችንን የምንሸኘው እንደዚሁ ነው፤ ነፋሱ ብቻ በራሱ ጊዜ ይመጣል። ከዚያ በኋላ ሟቹ የሚመለስበት መሠዊያ የለም። በእርስዎ ክፍል ግን ትንሽ ቆይቶ መብራቱ ይመጣና የመጀመሪያው ሌሊት እንደገና ይጀምራል።

ሟቹ ኔይሰር ይባላል። አምና አትራቶ ወንዝ ላይ ጀልባው ተገልብጦ ሞተ። ሙሾውን ያወረዱት እናቱ ዶኛ ኢውዶሲያ ናቸው፤ በሰፈራችን ሰው ሲሞት ከቄሱ በፊት የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። የቀረጽኳቸው እኔ ነኝ።

እንግዲህ ምስጋናዬን በቅደም ተከተል ላቅርብ።

አንደኛ፣ ስለ ጽዳቱ። ለማዕከሉ የሰጠሁት ቀረጻ በደጅ በሚጫወቱ ሰዎች የዶሚኖ ድምፅ፣ በአረቄ ብርጭቆ ቅጭልጭልታና በሳቅ የተሞላ ነበር። ባለሙያዎችዎ ይህን ሁሉ «ጫጫታ» ብለው አወጡልን። አብሮ የወጣው የጎረቤታችን የዶኛ ፓስቶራ ድምፅ ነው። በአምስተኛው ሌሊት «ኧረ ቀስ በሉ እናንተ! ኔይሰር በዕድሜው ቤተ ክርስቲያን ረግጦ የማያውቅ ልጅ፣ በዚህ አያያዛችሁ ቅዱስ ልታደርጉት ነው!» ብለው ነበር። ዶኛ ኢውዶሲያ በዘጠኙ ሌሊት ውስጥ የሳቁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። አሁን ክፍሉ ንጹሕ ነው፤ ሁሉም በሥርዓት ያዝናል።

ሁለተኛ፣ በመክፈቻው ዕለት ለዶኛ ኢውዶሲያ ከፊት ወንበር ስለሰጡልን። መብራቱ ሲጠፋ ከወንበሩ ተነሥተው ወደ ግራ ጠጋ አሉና «ሂድ እንግዲህ ልጄ፣ ወደ ኋላ እንዳታይ» አሉ። አጠገባቸው ቆሜ አለቀስኩ፤ ጥሩ ሥራ ሠራሁ ብዬም በሆዴ ደስ አለኝ። ወዲያው ሻማዎቹ በሩ።

«ደግሞ ማን ሞተ?» ብለው አስጎብኚዋን ጠየቋት።

«ኧረ ማንም አልሞተም እማማ። ለሚቀጥሉት ጎብኚዎች እንደገና እየጀመረ ነው።»

«ልጄን ማነው የመለሰው?»

ልጅቷ እርስዎን አየች፤ እርስዎ እኔን አዩኝ፤ እኔ ጫማዬን አየሁ።

ሦስተኛ፣ ስለ ነፃው ካርድ። ዶኛ ኢውዶሲያ ማሽኑ በዘጠነኛው ሌሊት ላይ ቆሞ ዳግመኛ እንዳይበራ ቢለምኑ፣ ማዕከሉ ዕድሜ ልክ የሚያገለግል የነፃ መግቢያ ካርድ በፎቷቸው አሠርቶ ሰጣቸው። ስጦታው ከንቱ አልቀረም። በየቀኑ ሊዘጋ ሲል ይመጡና በሩ አጠገብ ይቆማሉ። ዘበኛው የሥራ ሰዓት ሲያልቅ ኤሌክትሪኩን ያጠፋል፤ ሌሊቱ ሦስተኛ ይሁን ሰባተኛ የእሱ ጉዳይ አይደለም።

«ኔይሰር እስኪወጣ ድረስ ትንሽ ታገሠኝ፣ ልጄ» ይሉታል።

«እማማ፣ እኔ ብታገሥ ምን ዋጋ አለው? ነገ ጠዋት ራሱ ይነሳል እኮ» ይላቸዋል። ደግ ልጅ ነው፤ የነገራቸውም እውነቱን ነው።

አራተኛውን ለማን አድርጌ እንደምጽፍ አላውቅም። ዶኛ ኢውዶሲያን ቀረጻውን እንዲሰጡ ያግባባኋቸው እኔ ነኝ። «መጨረሻው ላይስ ይሄዳል?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። «እንዴታ፣ ልክ እንደዚያ ሌሊት ነው የሚሆነው» አልኳቸው። አልዋሸሁም። ከመጨረሻው በኋላ ምን እንደሚሆን ግን፣ ሰው መጠየቅ እንጀራዬ ሆኖ ሳለ፣ እርስዎን አልጠየቅኩም። «የማያልቅ ሌሊት» የሚለውም ከመክፈቻው ቀደም ብዬ በጋዜጣችን ላይ ላወጣሁት የአድናቆት ጽሑፍ የሰጠሁት ርዕስ ነው። ማዕከሉ ወደደውና የሥራው መጠሪያ አደረገው፤ ከበሩ በላይ ከነስሜ ተሰቅሏል። ፈቃዴን በጠየቁኝ ዕለት ያሳሰብኩት ነገር ቢኖር ስሜ ሳይሳሳት እንዲጻፍ ብቻ ነበር። በትክክል ተጽፏል፤ ለዚህም አመሰግናለሁ።

ከመክፈቻው ወዲህ ዶኛ ኢውዶሲያ ለማንም ሙሾ አላወረዱም። «የራሴ ሳይወጣልኝ የሰው ልሸኝ?» ይላሉ። የዶን ክሪስፒን ልጆች ደጃቸውን ቢጠኑም እሺ አላሰኟቸውም። እንግዲያው ማዕከሉ ጎብኚዎች ሙሾውን ወደ ስልካቸው እንዲጭኑ በግድግዳው ላይ የለጠፈው፣ በስልክ ካሜራ የሚነበበው ምልክት ደረሰላቸው። ቅዳሜ በዶን ክሪስፒን ቤት አንሶላው ወርዶ፣ ግራና ቀኝ ተሰልፈን መንገድ ስንለቅ ስልኩ «ኔይሰር፣ ኔይሰር» እያለ ይጣራ ጀመር። ታላቁ ልጅ ድምፁን ሊቀንስ ሲነካካ ጭራሽ አጎላው። ማንን እያሳለፍን እንደሆነ ሳናውቅ አንገታችንን ደፍተን ቆምን። ዶኛ ፓስቶራ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «እኔ ስሞት ያንን ስልክህን ቤትህ ጥለህ ና። ሰማህ?» አሉኝ። የሚቀልዱ መስሎኝ ቀና ብዬ ብመለከታቸው አልሳቁም።

ስለዚህ፣ የተከበሩ ዶክተር፣ ጥያቄዬ ትንሽ ነው። የኔይሰር ሙት ዓመት በመጪው እሑድ ነው። ከዚያ በፊት አንድ ምሽት ዶኛ ኢውዶሲያ ከበሩ በስተግራ ቆመው፣ ዶኛ ፓስቶራም በስተቀኝ፣ ሻማዎቹ እስከ መጨረሻው ይጥፉ፤ በሩ ይከፈት፤ ከዚያ በኋላ አይብራ። ከግድግዳው ላይ ምልክቱ ይነሳ፣ ቀረጻውም ለእናትየው ይመለስ። እሑድ ዕለት ጥቁር ልብሳቸውን ማውለቅና አለማውለቃቸው በዚህ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ጎብኚዎችዎ ቅር እንዳይላቸው በባዶው ክፍል ውስጥ የእኔን ጽሑፍ ማሳየት ይቻላል፤ እሱ ቢደጋገም ማንንም ከመንገዱ አያስቀርም።

ሙታንን እንኳ ሥራ ሳያስፈቱ ለሚያስተዳድሩት ለእርስዎ ያለኝን አክብሮት፣ የእርስዎን ያህል በደሉ እንዳለበት ሰው ዝቅ ብዬ እየገለጽኩ፣

ከበሩ በላይ የተሰቀለው ስም ባለቤት፣
ሊሲማኮ ሜና

ድኅረ ጽሑፍ፦ የነፃ መግቢያ ካርዱን ከዚህ ደብዳቤ ጋር መልሻለሁ። ዶኛ ኢውዶሲያ እንዳሉት፣ በየቀኑ የሚገባውና የሚወጣው ልጃቸው ስለሆነ፣ ቦርዱ ማራዘሙን ካጸደቀ ካርዱ በእሱ ስም ይታደስላቸው፤ የእሱ ፎቶ ከጠፋ መሠዊያው ላይ የሚታየው ማሽኑ ውስጥ አለ። ቦርዱ የሚሰበሰበው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው።