መርፌዋ የምታየው ጋቢውን ነው

ረቡዕ

ጠቁሯል። ሁሉም ጠቁሯል። ከቃሊቲ ፒያሳ ድረስ በታክሲ ተገፍቼ ያሳጠብኩት ፊልም ላይ የአባዬ ፊት የለም። ግራጫ ጋቢ፣ ከላዩ ጥቁር ክብ ነገር፣ በቃ።

ካሜራው አሮጌ ነው፤ በራሱ የሚሠራው ነገር የለም። የሌንሱን ቀዳዳ ማጥበብና ማስፋት፣ ፍጥነቱን ማዞር፣ ሁሉም በእጅ ነው። መመልከቻው ውስጥ ያለችው መርፌ መሃል ላይ ከቆመች ብርሃኑ ልክ ነው ይባላል። መሃል ላይ አቁሜያት ነበር። ዋሸችኝ።

አባዬ ሰኞ ለቀዶ ሕክምና ሆስፒታል ይገባል። ከዚያ በፊት "የለቅሶ ፎቶ" ይፈልጋል። እንዲህ ብሎ ነው የሚጠራው፣ ዳቦ ግዢልኝ እንደማለት። ካሜራው የሟቹ ወንድሙ ነው። አጎቴ የአቃቂን ሠርግና ክርስትና ሲያነሳ ኖሮ እሱን ያነሳው ሰው ስላልነበረ፣ ቀብሩ ላይ የመታወቂያ ፎቶውን አሳድገን ያዝን። ለቀስተኛው "ማነው ይሄ?" ይል ነበር። አባዬ ያንን አልረሳም። በስልክ ላንሳህ ስለው "ስልክሽ ሰውን ዱቄት ይቀባዋል" አለኝ።

ሐሙስ

ከመርፌዋ ጋር ስጣላ ዋልኩ። ጋቢውን ገመድ ላይ አስጥቼ ካሜራውን ደገንኩበት፤ ሽቅብ ዘለለች። ወደ እጄ ጀርባ ሳዞረው ወደቀች። ቆይ። እንደገና። ጋቢ፣ ሽቅብ። እጅ፣ ቁልቁል።

ለካ መርፌዋ የምታየው ጋቢውን ነው፣ አባዬን አይደለም። ነጩ ሲበዛባት ብርሃን ተትረፈረፈ ብላ ቀዳዳውን ታስጠብበኛለች፤ ፊቱ ጨለማ ውስጥ ይቀራል። ደስ ሊለኝ ሲገባ ጭራሽ ተናደድኩ። አሁን የቀረኝ አንድ ጥቅል ፊልም ነው።

"ያለ ጋቢ ተነሳ" አልኩት።

"ለለቅሶ ፎቶ? ሰው ምን ይለኛል?"

ሞተህ ምን ትሰማለህ ልለው አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት።

ዓርብ

የግቢው በር ላይ በርጩማ አወጣሁለት። ብርሃኑን ከፊቱ ላይ ለመለካት ካሜራውን አፍንጫው ሥር እወስዳለሁ፤ ወደ ኋላ ተመልሼ ላነሳ ስል ፀሐይዋ ደመና ውስጥ ትገባለች። እንደገና ልለካ እሄዳለሁ። የጭነት መኪና አቧራ አልብሶን ያልፋል። እሱ ደግሞ ደርቆ ተቀምጧል። ፈገግ በል ስለው "ለቅሶ ላይ ማን ይስቃል?" ይላል።

የፊልሙ የመጨረሻዋ ፎቶ ላይ ስንደርስ ጮህኩበት። ይሄን ፎቶ ማንሳት አልፈልግም አልኩት። ገባህ? አልፈልግም።

ጋቢውን ከትከሻው ወረወረው። "አንቺ ልጅ፣ ማን ሞተ አለሽ? በይ አንሺ።"

ጣቴ ተጫነ። አልለካሁም። ቅድም ፀሐይ ሳለ ባስተካከልኩት ነው የተነሳችው።

ጠዋት ሙሉ ካሜራውን ስረግም የነበረው ስለፈራሁ ነው። አባዬን እንዳላጣው እፈራለሁ።

ቅዳሜ

ፊልሙን ሰጠሁ። አጣቢው ነገ እሑድም ቢሆን እከፍትልሻለሁ አለ። ቤት ገብቼ የአባዬን ፒጃማና ፎጣ ሻንጣ ውስጥ ከተትኩ፣ አወጣሁ፣ መልሼ ከተትኩ።

እሑድ

ፊት አለው። ጋቢው ነጥቶ ሊጠፋ ደርሷል፣ አባዬ ግን አለ። የመጨረሻዋ ትንሽ ጠቆር ብላለች። በአሮጌ ሹራቡ፣ ቅንድቡን ሰብስቦ፣ አፉን ከፍቶ እየተቆጣኝ ነው።

መነጽሩን አድርጎ ብዙ አያት። "ይቺ ለለቅሶ አትሆንም" አለ።

"ምን ጎደላት?"

"እየተቆጣሁ ነዋ። ሳሎን ስቀያት።"

ሌሎቹን ከነፖስታቸው መሳቢያ ውስጥ ከትቼ ሚስማር አመጣሁ። ልመታ ስል ከወንበሩ ሆኖ "ዝቅ አድርጊው" አለኝ። "ስመለስ እዚህ ተቀምጬ ነው የማያት።"

ዝቅ አድርጌ ሰቀልኳት። ነገ በማለዳ እንወጣለን።