በቀይ ያረምሁት ግጥምህ

ታዴ፣ ዓለሜ፤

የግጥም ደብተርህን አላቃጠልሁትም። ሰፈራችን መንደራ ቆጪ ሙሉ «አቃጠለችው» ይላል አሉ፤ ሐሰት ነው። ደብተሩ ቁም ሣጥኔ ውስጥ ነው። ለሰው ያላሳየሁት አፍሬ ነው።

በሞት ከተለየኸኝ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። የቤቱ ቆርቆሮ ተቀይሯል፤ ባጃጅም በራችን ድረስ ይገባል። ልጃችን ሰናይት ከአጋሮ እየተመላለሰች ትጠይቀኛለች። ባለፈው እሑድ፣ «እማዬ፣ ከአባዬ ግጥም አንድ እንኳ ስጪኝ፤ ድምፁን እየረሳሁት ነው» ብላ አለቀሰች። ሳልሰጣት ሸኘኋት።

ጡረታ የወጣህ ሰሞን አንድ ግጥም ሰጥተኸኝ ነበር፦

ከዋንዛው ጥላ ሥር ቅጠሌ አማረና፣
ፍሬ ግን አጣሁኝ፣ ፀሐይ የራቀኝ ቡና።

አርባ ዓመት የተማሪ ደብተር ያረመ እጄ አላርፍ አለ። በቀይ እስክሪብቶ «ዋንዛ ለቡና ጥሩ ጥላ ነው፤ ሐሳቡ ስሕተት» ብዬ ከዐሥር ስድስት ሰጠሁህ። ሳቅህ። «እሺ፣ የኔ አስተማሪ» አልህና ደብተሩን ዘጋህ። ከዚያ ወዲህ አንድ ስንኝ አልጻፍህም። ደክሞህ መስሎኝ ነበር።

ዘንድሮ ግንቦት ላይ ጎረቤታችን ጀማል የጓሯችንን ዋንዛ ሊመለምል ወጣ። ቅርንጫፉ ሲወድቅ ሳይ ተቆጣሁት። ከላይ ሆኖ፣ «አዴ፣ ጥላ ሲበዛ እኮ ቡናው ቅጠል ብቻ ነው። እሱም ትንሽ ሰማይ ይየው እንጂ!» ብሎ ሳቀብኝ። ገብቼ ደብተርህን አወጣሁ።

ዋንዛው እኔ ነበርሁ። ምን እንደምትለብስ፣ ከማን ጋር እንደምትቀመጥ፣ መቼ እንደምትናገር የምወስነው እኔ። ክፉ አልነበርሁም፤ በዛሁብህ እንጂ። ፊት ለፊት ብትነግረኝ እንደምከራከርህ ስለምታውቅ ለዛፍ ሰጥተህ አስነገርኸኝ። ሰው ከሰው አፍ የማይቀበለውን ስለ ራሱ ከቅጠልና ከዝናብ ይሰማል። ይህንኑ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስንት ዓመት ጽፌአለሁ። ቤቴ ድረስ ሲመጣልኝ ግን አላነበብሁትም።

ቀዩ እንዳይታይ ግጥሙን በንጹሕ ወረቀት ልገለብጠው አስቤ ነበር። ተውሁት። መገልበጡም ሌላ እርማት ነው።

እስትንፋሴ እስካለች አንተን አስባለሁ፤ አሁን ግን እንደ ነበርህ እንጂ እኔ እንዳረምሁህ አይደለም።

ሰናይት ነገ ጠዋት ትመጣለች። መጀመሪያ በሩን እከፍትላታለሁ። ከዚያ ደብተሩን ከነቀዩ እሰጣታለሁ። ጮክ ብላ እንድታነብልኝ እለምናታለሁ። ስታነብ ብትሳሳት አላርማትም።